ሁሉም ሲነሣ ተቀምጦ የቀረው ሰው

በእኛ ባህል መነሣት ክብር ነው። ታላቅ ሰው ሲገባ ያልተነሣ ልጅ አሳዳጊዎቹን ያሰድባል። በለቅሶ ቤትም ሆነ በሠርግ ዳስ ሁሉም ቆሞ ሳለ አንድ ሰው ቢቀመጥ ወይ ሕመምተኛ ነው፣ ወይ ነገር ፈላጊ ነው ይባላል። የጀርመን ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1914 የዋለውን ውሎ ባነበብኩ ቍጥር ልቤን የሚይዘው ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም። የምክር ቤቱ አባላት ለጦርነቱ የሚውለውን ሁለተኛ ብድር ለማጽደቅ ከየወንበራቸው ብድግ ሲሉ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ ቀረ። ካርል ሊብክነሽት ይባላል። ሕመምተኛ አልነበረም፤ በሙያው ጠበቃ፣ በዕድሜው የ43 ዓመት ጎልማሳ፣ የልጆችም አባት ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህች ጽሑፍ ዓመቱንና ወሩን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ፤ ያ ዕለት በእኛ ኅዳር 23 ቀን 1907 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የምተርከው የዚያን ሰው፣ የትግል ጓዱን የሮዛ ሉክሰምበርግን፣ በዙሪያቸውም ተሰባስቦ ኋላ «ስፓርታኩስ» የተባለውን የጥቂት ሰዎች ኅብረት ታሪክ ነው። በመላው አውሮፓ መድፍ በሚያጓራበት ዘመን፣ በጦርነቱ መካከል፣ በገዛ አገራቸው ላይ ቆመው «ይህ ጦርነት የእኛ አይደለም» ያሉ ሰዎች ታሪክ ነው።

ታሪኩን ከአንድ ትልቅ ቤት መፍረስ መጀመር ይሻላል። የጀርመን ሶሻል ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ በዘመኑ በዓለም ላይ ከነበሩት የሠራተኛ ፓርቲዎች ሁሉ የገዘፈው ነበር። በ1912 ምርጫ ከአራት ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ ከ397 የምክር ቤቱ ወንበሮች 110ሩን ይዟል። የራሱ ጋዜጦች፣ የራሱ ቤተ መጻሕፍት፣ የራሱ የመዘምራን ማኅበራት፣ ካድሬዎቹን የሚያስተምርበት የራሱ ትምህርት ቤት ነበረው። የፓርቲው አባል የሆነ ሠራተኛ ከልደቱ እስከ ቀብሩ ከፓርቲው ጥላ ሳይወጣ መኖር ይችል ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ይህ ፓርቲ ከሌሎች አገሮች ወንድም ፓርቲዎች ጋር ሆኖ በ1907 በሽቱትጋርት፣ በ1912 በባዝል፣ ጦርነት ቢቃጣ በአንድነት እንደሚቃወሙ በጉባኤ ቃል ገብቶ ነበር። በጁላይ 1914 መጨረሻ እንኳ አባላቱ በጀርመን ከተሞች አደባባይ ወጥተው ጦርነትን አውግዘዋል።

ከዚያ አንድ ሳምንት ብቻ በቃ። ኦገስት 3 ቀን 1914 የፓርቲው የምክር ቤት አባላት በዝግ ስብሰባ መከሩ። ለጦርነቱ የተጠየቀውን የ5 ቢሊዮን ማርክ ብድር እንደግፍ ያሉት 78፣ አንደግፍም ያሉት 14 ሆኑ። በማግሥቱ ግን ከ14ቱ አብዛኞቹ የብዙኃኑን ውሳኔ አክብረው ከሌሎቹ ጋር ተነሡ። እንዲያውም የፓርቲውን የድጋፍ መግለጫ በምክር ቤቱ ፊት ያነበበው፣ በዝግ ስብሰባው ከተቃወሙት አንዱ የነበረው ሁጎ ሀዘ ነው። ሊብክነሽትም ከ14ቱ አንዱ ነበር፤ እርሱም በዚያ ቀን ተነሥቷል።

የእነዚያን ሰዎች ጭንቀት አቅልሎ ማየት ተገቢ አይመስለኝም። አንዳንዶቹ የሩሲያው ዛር ጦር ድንበር ጥሶ ይገባል ብለው ከልባቸው ፈርተዋል። አንዳንዶቹ ፓርቲው ቢታገድ የአርባ ዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ይጠፋል ብለው ሰግተዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ልጆቻቸው ወደ ግንባር በሚሄደው ባቡር ተሳፍረው ስለ ነበር «ስንቅ አንሰጥም» ማለት አቃታቸው። የሁሉም ምክንያት ሰውኛ ነው። ነገር ግን የሰውኛ ምክንያቶች ድምር አንዳንዴ ሰው የሚፈጅ ውሳኔ ይወልዳል።

እንጀራዬን የማገኘው በባንክ ቤት ስለሆነ «ብድር» የምትለዋን ቃል ሳላያት የምውልበት ቀን የለም። ብድር ተበዳሪ አለው፣ ዋስ አለው፣ መያዣ አለው፣ የመክፈያ ቀን አለው። የ1914ቱን ብድር በዚህ ዐይን ስመለከተው ተበዳሪው መንግሥት ነው። አበዳሪው ሕዝቡ ራሱ ሆነ፤ የጀርመን መንግሥት ከ1914 እስከ 1918 ዘጠኝ ጊዜ የጦርነት ቦንድ ሸጦ ወደ 98 ቢሊዮን ማርክ ሰብስቧልና። ተማሪዎች ሳይቀሩ ሳንቲማቸውን አዋጥተዋል። መያዣው ግን ቤት ወይም መሬት አልነበረም፤ በቦይ ውስጥ የተኮለኮሉት ልጆች ነበሩ። የመክፈያው ቀን ሲደርስ በ1923 የማርክ ዋጋ እንደ አመድ በነነና የቦንዱ ወረቀት ምንም የማይገዛ ሆኖ ቀረ። መያዣው ደግሞ ቀድሞ ተወስዷል፤ ከጀርመን ብቻ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ወታደሮች አልቀዋል።

ኦገስት 4 ቀን ምሽት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች በርሊን በሚገኘው በሮዛ ሉክሰምበርግ ቤት ተሰበሰቡ። ሮዛ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው ፖላንድ በ1871 የተወለደች አይሁዳዊት ናት። ቁመቷ አጭር ነበር፣ ስትራመድም ታነክስ ነበር። በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘች፣ በፓርቲው ትምህርት ቤት የምጣኔ ሀብት መምህር የነበረች፣ በጉባኤ ላይ ስትናገር ግን ሽማግሌዎቹን መሪዎች የምታስጨንቅ ሴት ነበረች። በዚያ ምሽት ከተገኙት መካከል አረጋዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍራንዝ ሜሪንግ ይገኝበታል። ለየከተማው ጓዶቻቸው ቴሌግራም ላኩ፤ መልሱ ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ከሽቱትጋርት ክላራ ዜትኪን ከእነርሱ ጋር መሆኗን አስታወቀች። የስፓርታኩስ ማኅበር ጅማሬ ይኸው ነው፤ አንድ ሳሎን፣ ጥቂት ወንበር፣ መልስ የማይመጣለት ቴሌግራም።

ሊብክነሽት በኦገስትና በዲሴምበር መካከል ባሉት አራት ወራት ምን ሆነ? በሴፕቴምበር ወደ ቤልጅግ ተጓዘ። ያቺ ገለልተኛ አገር በጀርመን ጦር የተረገጠችበትን ሁኔታ በዐይኑ አየ፤ የዚያ አገር ሶሻሊስቶችም የኦገስቱን ድምፅ አንሥተው ወቀሱት። ወደ በርሊን ሲመለስ «የፓርቲ ዲሲፕሊን» የሚለው ቃል ከአንደበቱ ጠፍቶ ነበር። ዲሴምበር 2 ቀን ተቀምጦ ቀረ። ለምን እንዳልደገፈ የጻፈውን ማስረጃ ለአፈ ጉባኤው ቢያቀርብም በቃለ ጉባኤው እንዳይሰፍር ተከለከለ። በምክር ቤቱ መዝገብ ቦታ ያጣው ጽሑፍ በድብቅ ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

እዚህ ላይ ቍጥሮቹን ተከታትሎ ማየት ይጠቅማል። በዲሴምበር 1914 አንድ ነበር። በማርች 1915 ኦቶ ሩለ የተባለ ሌላ የምክር ቤት አባል ተጨመረና ሁለት ሆኑ። በዲሴምበር 1915 ከዚያው ፓርቲ 20 ሰዎች ብድሩን ተቃወሙ። የመጀመሪያው ሰው ባይቀመጥ ኖሮ ሁለተኛው ይቀመጥ እንደ ነበር እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ሃያዎቹም ሊብክነሽት በሄደበት መንገድ ሁሉ አልሄዱም፤ ነገር ግን መቀመጥ እንደሚቻል አይተዋል።

ቅጣቱ አልዘገየም። ሊብክነሽት በ1915 መጀመሪያ ወደ ጦሩ ተጠርቶ ቦይ ከሚቆፍሩትና ግንድ ከሚሸከሙት ወታደሮች ጋር ተመደበ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የሠራተኛው ዋና ጠላት በባዕድ ድንበር ሳይሆን በገዛ አገሩ እንደሚገኝ የሚያሳስብ በራሪ ወረቀት ጻፈ። ሮዛ ደግሞ ከጦርነቱ በፊት በ1913 ሠራተኞች በፈረንሳይ ወንድሞቻቸው ላይ እንዳይተኩሱ በመናገሯ የተፈረደባትን የአንድ ዓመት እስራት ለመፈጸም በፌብሩዋሪ 1915 በርሊን በሚገኘው የሴቶች ወኅኒ ገባች። እዚያው ሆና ስለ ፓርቲዋ ውድቀት አንድ መጽሐፍ ጻፈች፤ ጽሑፉ በምስጢር ወጥቶ በ1916 «ዩኒየስ» በሚል የብዕር ስም ታተመ።

በ1916 የመጀመሪያ ቀን የእነዚህ ሰዎች ወዳጆች በበርሊን በሊብክነሽት የጥብቅና ቢሮ ተሰብስበው የጋራ አቋም ያዙ። ከዚያ በኋላ በድብቅ የሚያሰራጯቸው ደብዳቤዎች «ስፓርታኩስ» የሚል ፊርማ ያዙ። ስፓርታኩስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ73 ዓመት በሮም ላይ ያመፁት ባሪያዎች መሪ ነው። ተሸንፎ መሞቱን እያወቁ ስሙን መምረጣቸው ያስገርመኛል። ደብዳቤዎቹን በታይፕ የምትመታው የሮዛ ጸሐፊ ማቲልደ ያኮብ ነበረች፤ ከወኅኒ የሚወጡትን ወረቀቶች ደብቃ የምታመላልስም እርሷ ናት። ይህች ሴት በ1943 በናዚዎች የቴሬዚየንሽታት ማጎሪያ ሕይወቷ አለፈ። የድብቁን ሥራ ሁሉ የሚያቀናጀው ደግሞ ከመድረክ የሚሸሸው ሊዮ ዮጊሸስ ነበር። ታሪክ የሚጠራው ተናጋሪዎቹን ነው፤ ማኅበሩ ግን የቆመው በእነዚህ በሁለቱ ዝምተኞች ትከሻ ላይ ጭምር ነበር።

ሜይ 1 ቀን 1916 በርሊን በፖትስዳመር አደባባይ ሕዝብ ተሰበሰበ። ሊብክነሽት የወታደር ግዳጅ ያለበት ሰው እንደሆነ በሕዝቡ መካከል ቆሞ «ጦርነቱ ይውደም! መንግሥቱ ይውደም!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ተያዘ። ፍርድ በተሰጠበት በጁን 28 ቀን ግን መንግሥት ያልጠበቀው ነገር ሆነ፤ በበርሊን የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች የሚሠሩ 55 ሺህ ያህል ሠራተኞች ማሽናቸውን አቁመው ወጡ። ለዳቦ ወይም ለደመወዝ ሳይሆን ለአንድ እስረኛ ሲሉ ሥራ አቆሙ። የመጀመሪያው ፍርድ ሁለት ዓመት ተኩል ነበር፤ ኋላ ወደ አራት ዓመት ከአንድ ወር ከፍ አለ።

ሮዛ ከእስር ወጥታ ብዙም ሳትቆይ በጁላይ 1916 እንደገና ተያዘች። አሁን ክስም ፍርድም አልነበረም፤ «ጥበቃ» በሚል ስም የሚደረግ እስር ነበር። ከበርሊን ወደ ቭሮንከ፣ ከቭሮንከ ወደ ብሬስላው ተዛወረች። ውጭ ያለው ሕዝብ ድንች ጠፍቶ የከብት መኖ ይሆን የነበረውን ሥር በሚበላበት በዚያ ክፉ ክረምት፣ እርሷ ከወኅኒ ስለ ወፎች፣ ስለ ደመናና ስለ አበቦች ለሊብክነሽት ሚስት ለሶፊ ትጽፍ ነበር። ቅጠልና አበባ እያደረቀች በደብተር ትለጥፍ ነበር። ሥነ ጽሑፍ ለምንወድ ሰዎች እነዚህ ደብዳቤዎች ከፖለቲካ ጽሑፎቿ ይልቅ ቅርብ ናቸው።

ከሁሉም በዲሴምበር 1917 የጻፈችው አይረሳኝም። ከሩማንያ በምርኮ የመጡ ጎሾች የወታደሮች ደም የነካው ልብስ የተቆለለበት ጋሪ እየጎተቱ ወደ ወኅኒው ግቢ ይገባሉ። ነጂው ወታደር በአለንጋው እጀታ ያለ ርኅራኄ ይደበድባቸዋል። የአንደኛው ወፍራም ቆዳ ተተልትሎ ይደማል። ሮዛ በእንስሳው ዐይን ውስጥ ለምን እንደተመታ የማይገባውን ልጅ ፊት አየች፤ አለቀሰችም። ከበሬ ጋር ያደገ የገበሬ ልጅ ይህን ደብዳቤ ቢያነብ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም። ሚሊዮኖች በሚረግፉበት ዓመት ለአንድ ጎሽ ማልቀስ ቅንጦት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የጎሹን ቁስል ማየት የተሳነው ዐይን የሚሊዮኖቹንም ሞት በቍጥር ብቻ የሚያይ ይመስለኛል።

በ1918 በብሬስላው ወኅኒ ሳለች ስለ ሩሲያ አብዮት ጻፈች። አብዮቱን ደግፋለች፤ የእነ ሌኒንን ድፍረትም አድንቃለች። ነገር ግን የመራጮችን ጉባኤ መበተናቸውንና ጋዜጦችን መዝጋታቸውን አጥብቃ ነቀፈች። ለመንግሥት ደጋፊዎች ብቻ የተሰጠ ነፃነት ነፃነት እንዳልሆነ፣ ነፃነት የሚለካው በተለየ መንገድ ለሚያስበው ሰው በሚደርሰው ድርሻ እንደሆነ በጽሑፉ ኅዳግ አሰፈረች። ጽሑፉ የታተመው ከሞተች በኋላ በ1922 ነው።

እኔ ደርግ ከወደቀ በኋላ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ። «አብዮት»፣ «ጓድ»፣ «ወዛደር» የሚሉት ቃላት ወደ እኔ የደረሱት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያነሡአቸው ነው። በአገራችን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአብዮት ስም ልጅ ከአባቱ ደጅ ተወስዶ ተገድሏል፤ ገዳዩም ሟቹም ራሱን ሶሻሊስት ብሎ ይጠራ የነበረበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የብሬስላውን ጽሑፍ ሳነብ የማስበው ሩሲያን ብቻ አይደለም። በተለየ መንገድ የሚያስበውን ሰው የማጥፋት ፈተና ከማንም ባዕድ የመጣ ሳይሆን ሥልጣን በያዘ በማንኛውም እጅ የሚበቅል መሆኑን፣ ይህንንም ከራሷ ወገን መካከል ቆማ ገና በጠዋቱ የተናገረች ሴት መኖሯን አስባለሁ።

ኦክቶበር 23 ቀን 1918 ሊብክነሽት ተፈታ። ኖቬምበር 9 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ወደቀ፤ በዚያው ዕለት በበርሊን ሁለት ጊዜ ሪፐብሊክ ታወጀ። የሶሻል ዴሞክራቱ ፊሊፕ ሻይደማን ከምክር ቤቱ መስኮት፣ ሊብክነሽት ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ ሆነው አወጁ። ሮዛ በማግሥቱ በርሊን ገባች፤ የስፓርታኩስ ማኅበርም በአዲስ መልክ ተደራጀ። ይሁን እንጂ ማኅበሩ በየጋዜጣው የሚፈራውን ያህል ብዙ አልነበረም። በዲሴምበር በተደረገው የሠራተኞችና የወታደሮች ምክር ቤቶች ጉባኤ ሊብክነሽትና ሮዛ ድምፅ ያለው ተወካይ ሆነው እንኳ አልተመረጡም።

በዓመቱ መጨረሻ ማኅበሩ የጀርመን ኮሚኒስት ፓርቲ ሆነ። በዚህ መሥራች ጉባኤ ሮዛ በመጪው ምርጫ እንሳተፍ ብላ ተከራከረች። ወጣቶቹ አልሰሟትም፤ 62 ለ23 በሆነ ድምፅ ተሸነፈች። በጃንዋሪ 1919 የበርሊኑ ፖሊስ አዛዥ ከሥልጣን መነሣት የቀሰቀሰው ሰልፍ ወደ አመፅ ተለወጠ፤ ሊብክነሽት መንግሥቱ ከሥልጣን መወገዱን በሚያስታውቅ ወረቀት ላይ ፈረመ። ሮዛ ለማኅበሩ በጻፈችው ፕሮግራም ግን ያለ ሠራተኛው ብዙኃን ግልጽ ፈቃድ ሥልጣን አንይዝም ብላ ነበር። አመፁ ከተጀመረ በኋላ ሰዎቹን ትታ መሄድ አልሆነላትም፤ በጋዜጣዋ ደገፈቻቸው። ወዳጆቻቸው ይህን ማለፍ ቢፈልጉም እኔ ማለፍ የለብንም እላለሁ። በ1914 ብቻውን የተቀመጠው ሰው ትክክል የነበረው ብቻውን ስለ ነበር አይደለም። ብቻ መሆን እውነተኛነትን አያረጋግጥም፤ በ1919ም ጥቂት ነበሩ፣ ግን ብዙኃኑን ሳያስከትሉ በብዙኃኑ ስም ፈረሙ።

ዕዳው ግን ከጥፋቱ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በጉስታቭ ኖስከ የሚመራው የመንግሥት ኃይል ከፈቃደኛ ወታደሮች ጓዶች ጋር አመፁን ደመሰሰ። ጃንዋሪ 15 ቀን ሁለቱ ከተደበቁበት ቤት ተይዘው ወደ ኤደን ሆቴል ተወሰዱ። ሊብክነሽት በቲየርጋርተን መናፈሻ በጥይት ተገደለ። ሮዛ በጠመንጃ ሰደፍ ጭንቅላቷን ከተመታች በኋላ በጥይት ተገድላ አስከሬኗ በላንድቬር ቦይ ውኃ ውስጥ ተጣለ። ከአራት ቀን በኋላ ምርጫው ተካሄደ፤ የጀርመን ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡበት ነበር። የሮዛ አስከሬን የተገኘው በሜይ ወር መጨረሻ ነው። የተቀበረችው ጁን 13 ቀን ነው። ግድያውን ያዘዘው መኮንን ቫልደማር ፓብስት ፍርድ ቤት ሳይቆም እስከ 1970 ኖረ።

ሠዓሊዋ ኬተ ኮልቪትዝ በጦርነቱ መጀመሪያ በ1914 ልጇን ፔተርን በቤልጅግ ግንባር አጥታለች። የሊብክነሽት ቤተሰቦች ጠርተዋት አስከሬኑን ሣለች፤ ኋላም በእንጨት ቅርፅ አተመችው። የፖለቲካ ተከታዩ አልነበረችም። በሥዕሏ ላይ ሠራተኞች በተኛው ሰው ላይ አጎንብሰዋል፣ አንዲት እናትም ሕፃኗን ታቅፋ ትመለከታለች። ልጇን ለጦርነቱ የገበረች እናት «ስንቅ አልሰጥም» ያለውን ሰው ስታለቅስ ማየት ከብዙ የታሪክ መጻሕፍት ይበልጥ ያስረዳኛል።

የስፓርታኩስ ሰዎች ያሰቡትን መንግሥት አልመሠረቱም። በስማቸው የመጡት አንዳንዶቹም እነርሱ ያልተመኙትን አደረጉ። ዲሴምበር 2 ቀን 1914 የተደረገውን ግን ማንም ሊቀማቸው አይችልም። ብድሩ ሲፈረም የሚከፍለው ማን እንደሆነ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር። ስለዚያ ሰው ወንበር የጻፍኳትን ጥቂት ስንኝ አንባቢ እንዲቀበለኝ እጠይቃለሁ።

የቆመ ሲቆጠር አዳራሹ ሞላ፣
አንድ ሰው ተቀምጦ ቀረ ወደ ኋላ፤
የቆሙት ሲሄዱ፣ ጭብጨባው ሲበርድ፣
ወንበሩ ቀረልን ምስክር ለትውልድ።
ዛሬም ከየአዳራሹ ስንነሣ አብረን፣
«ማነው የተቀመጠ?» ብለን እንይ ዞረን፤
ያን አንድ ሰው ሳይሰሙ የፈረሙ ሁሉ፣
እነርሱ ይበደራሉ፣ ልጆች ይከፍላሉ።